የአባቴ ፖታሲየም

አባቴ እግሩ አልታዘዝ ያለው እሁድ ጠዋት ነው። ለቸርች ለባብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ መነሳት አቃተው። ጡረታ የወጣ የሳይንስ አስተማሪ ነው፤ ስኳር በሽታው ኩላሊቱን ካደከመው ቆይቷል። እናታችን ከሞተች ጀምሮ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሐኪም ናት፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ ሆስፒታል ትሠራለች፣ እዚያው ሰፈር ትኖራለች። ደወልኩላት።

«እታለም፣ ትንፋሹ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሰው።»

«ምንም ሳታበይው አሁኑኑ አምጪው።»

ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አወረዱልኝ። ታክሲ ውስጥ መንገዱን ሁሉ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ሄደ። ሆስፒታሉ በር ላይ እህቴን በነጭ ጋዋን ሲያያት ግን እንደምንም ቀና አለ። «ዶክተርዬ» አላት። ይህን ልዩነት ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። እሷ ስትገባ ፊቱ ይፈካል፤ እኔ ስገባ «በሩን ዝጊው» ነው የሚለኝ።

በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ልቡን ሊያቆም እስኪደርስ ከፍ ብሎ ነበር። በደም ሥሩ መድኃኒት ሰጡት፤ የልቡን ምት በማሽን ሲከታተሉ ዋሉ። በማግስቱ ሻል ሲለው እህቴ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ምን ምን ነበር የሚበላው?»

«ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ድንች። ጤነኛ ምግብ ያልኩትን።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር» አለችና ወደ እሱ ዞረች። «ምግቡ ብቻ አይደለም፣ አባዬ። ሰሞኑን ተቅማጥ ይዞህ ሰውነትህ ውስጥ አሲድ በዛ። የኩላሊት ሴሎች ላይ ፖታሲየም ወደ ሽንት የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ሴሉ ውስጡ አሲድ ሲሆን ይዘጋሉ። ፖታሲየሙ መውጫ ያጣል፣ ደም ውስጥ ይጠራቀማል።»

«ከውጭ ያለው አሲድ አይዘጋቸውም?» አለ አባቴ። አስተማሪነቱ ተነሳበት።

«ብዙም አይደለም። ቀዳዳው አሲዱን የሚያውቀው ከሴሉ ውስጥ በኩል ነው።»

እንደ ስብከት ነበር የሚያዳምጣት። እኔም ገባኝ፤ ያናደደኝም መግባቱ ነው። በባዮሎጂ ከክፍሌ አንደኛ የምወጣ ልጅ ነበርኩ። እናታችን ስትታመም ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እህቴ ትምህርቷን ቀጠለች። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን የማስረዳው እኔ ልሆን እችል ነበር።

ቤት ከገባን በኋላ ሙዙንና አቮካዶውን ተውኩት። ፖታሲየሙን እንዲለቅ ድንቹን ልጬ፣ በትንንሹ ከትፌ፣ ቀቅዬ ውሃውን እደፋለሁ፤ ከዚያ በአዲስ ውሃ ደግሜ እቀቅለዋለሁ። አሲዱን የሚያበርድለትን ክኒን በሰዓቱ አስውጠዋለሁ። ፖታሲየሙ ወረደ፣ እግሩም ጸና።

አንድ ቀን የታችኛው ፎቅ ሽማግሌ ሊጠይቁት መጡ። አባቴ ስለ ቀዳዳዎቹ፣ ስለ አሲዱ፣ አንድም ሳያስቀር አብራራላቸው። በመጨረሻም «ያዳነችኝ ልጄ ናት» አለ።

ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ። «ይቺ?»

«የለም፣ ዶክተሯ።»

ሻይውን አስቀምጬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። እንግዳው እስኪሄዱ ታገስኩ። ከዚያ ወጥቼ ፊቱ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ድንቹን ሁለቴ የምቀቅለው ማን ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ምን እንዳልኩ ያልገባው መሰለ። ከዚያ ገባው፤ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ብዙ ጠረገው።

«አንቺንማ ከራሴ ለይቼሽ አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ራሱን ያመሰግናል?»

እንባዬ መጣ። ደስም አለኝ፣ አልዋሽም። ግን መመስገን ነበር የፈለግኩት፣ እንደ እሷ፣ በሰው ፊት። ይህን አልነገርኩትም።

አሁን እህቴ በየሳምንቱ ትመጣለች። በር ላይ ታቅፈኛለች፣ እኔም አቅፋታለሁ፤ ሽቶዋ ልብሴ ላይ ይቀራል። በምትመጣበት ቀን አባቴ ማልዶ ጺሙን ይላጫል። ሌላ ቀን ለምኜው እንኳ አይላጭም። መስታወቱን እኔ እይዝለታለሁ።