አባቴ ያልተናዘዘው ኃጢአት

የሰም ሽታ ከጭስ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ ዛሬም ቦንጋ ገበያ መሃል ደሜ ይፈላል። የአባቴ ካፖርት ሽታ ነው።

አባቴ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅል ነበር፤ ግንቦት ላይ የገተማ ዛፉ አብቦ ነጩ ማር ሲደርስ፣ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ዛፍ ይወጣና፣ ከላይ ሆኖ ከእግዚአብሔር ጋር ያወራ ነበር። ጸሎት አይባልም፣ ወሬ ነው! «ወዳጄ፣ ዛሬም እንዳትጥለኝ!» ይለው ነበር። ሲወርድም አባቱ ያደርግ እንደነበረው አንድ የማር እንጀራ ከዛፉ ሥር በቅጠል ላይ ለአላፊ አግዳሚ ያስቀምጥ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ዛፉ ረጥቦ አዳለጠውና ወደቀ፤ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ተክሌ መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ «ያ ከዛፍ ሥር የምታስቀምጠው ማር የጣዖት ነው፤ በጉባኤ ፊት ካልተናዘዝክ ጌታ አይፈውስህም» አሉት። በየዓመቱ ከዚያው ማር አንድ ቅል ሲላክላቸው ግን የጣዖት ነው ብለው አያውቁም!

አባቴ ሳቀ። «ጋሽ ተክሌ፣ ወዳጄ እኮ ቂም አይዝም» አላቸው። እማዬ ግን እሳቸውን ሸኝታ ስትመለስ እጇን ወደ ጣሪያው አንስታ፣ «ምን አደረገህ? ወዳጅ እንዲህ ነው? ተናገር እንጂ!» ብላ እግዚአብሔር ላይ ጮኸችበት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መብረቅ የሚወርድብን መስሎኝ አልጋ ሥር ገባሁ።

መስከረም ጠብቶም እግሩ አልዳነም። ፈራሁ። አንድ እሑድ በጉባኤው መሃል ብድግ ብዬ፣ «አባቴ ለዛፍ ማር ይሰጣል፤ ጌታ ይቅር ይበለው» አልኩ። ጋሽ ተክሌ ራሴን ዳበሱኝ፤ ሕዝቡም ሃሌ ሉያ አለ። ልጅ አባቷን ስትከስ ሃሌ ሉያ! ወይ ጉድ!

ከዚያ ወዲህ ጉባኤው ሸሸን፤ ጥቅምት ላይ ቡናችን ሲቀላ ለደቦ የመጣልን አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔና እማዬ ብቻችንን ለቀምን። አባቴ በምርኩዝ ደጃፍ ቆሞ ያየን ነበር። ማታ በጉባኤው ያልኩትን እያለቀስኩ ስነግረው አልተቆጣኝም፤ «ፈርተሽ ነው» አለኝ፣ «ግን ወዳጅን ፈርቶ ይኖራል እንዴ?»

አባቴ እንዳነከሰ ሞተ። ጋሽ ተክሌ አርጅተው አሁንም የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ፣ አንጀቴ ግን ያርራል። ሲያቃጥለኝ የኖረው ንዴት በእሳቸው ላይ ብቻ አይደለም፤ ያቺ ብድግ ያለች ልጅም አለችበት። እኔ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ለአለቃ ማመልከቻ እንደሚጽፍ ሰው ቃል እየመረጥኩ እጸልያለሁ። እማዬ ደግሞ ባለፈው ሐሙስም ስለዚያ እግር ወደ ጣሪያው ስትጮህ ሰማኋት። ከሁላችንም ከአባቴ ወዳጅ ጋር ያልተኮራረፈችው እሷ ብቻ ናት።