የፊቤ የጸሎት ርዕስ

እኛ የሆሳዕና ልጆች ሰውን ፊት ለፊት «አትሂድ» አንልም፤ ነውር ነው። ዓይናችንን ጨፍነን ለእግዚአብሔር እንነግርለታለን እንጂ። ሰውዬው አጠገባችን ሆኖ ከሰማ እኛ ምን እናድርግ?

ፊቤ ይህን እያወቀች ነው የጸሎት ርዕስ ያቀረበችው። ኮሮና በዚህ በስደት አገር ያለውን ጸሎት ቤታችንን አዘግቶብን፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በዋትሳፕ እየተደዋወልን በምንጸልይበት ጊዜ ነው። እኔ ከምኖርበት ከሜይፌር ሰፈር እገባለሁ። እሷና ወንድሟ ማርቆስ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር ካለው ስፓዛቸው፣ ከትንሿ የሸቀጥ ሱቃቸው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ስልክ ይገባሉ። ማርቆስ ከአሜን በቀር ቃል አይወጣውም። በዚያ ሰፈር ከእህቱ ሌላ በሃዲይኛ የሚያወራው ሰው የለውም።

ልጅቷ ሐኪም ለመሆን የተመኘችው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን ነጥቧ ጥቂት አነሰና ስታትስቲክስ መደቧት። ተመረቀችበት እንጂ አንድም ቀን አልወደደችውም። ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት በዓይኔ አይቻለሁ፤ አምቡላንስ በሱቁ ፊት ካለፈ የደንበኛውን መልስ በእጇ እንደያዘች እስኪርቅ ድረስ በዓይኗ ትሸኘዋለች። «ሲሲ፣ ኡሺንቺ ዋሚ!» ብሎ ደንበኛው በአገሬው ቋንቋ መልሱን እስኪጠይቃት ድረስ ከዚህ ዓለም የለችም። አንጀቴን በላችኝ።

አሁን ከተማ ያለ አንድ ኮሌጅ ተቀብሏታል። ዲግሪ ይዘው ሕክምና ለሚመኙ ሰዎች አንድ ዓመት ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚያስተምር መሰናዶ ነው። ሱቁን ትታ እዚያው ከተማ፣ ቤሪያ ሰፈር፣ ክፍል መከራየት አለባት። መሰናዶውን መጨረስ ሕክምና መግባት እንዳልሆነም አስቀድመው ነግረዋታል። ለኮሌጁ መልስ የምትሰጠው ሰኞ ነው።

«ምኞቱ ይተወኛል ብዬ ነበር፤ አልተወኝም» አለችን። «ሰው ያላየውን አገር ይናፍቃል ወይ? እኔ ይናፍቀኛል።»

ዓይናችንን ጨፈንን። ከጸሎት ጓደኞቻችን እህት አስካለች ቀደመች። «አባት ሆይ፣ ዕድሜዋን አንተ ታውቃለህ። ከነጭ ጋዋን በፊት ቬሎ አልብሳት።»

ወንድም ሀቢሶ ቀጠለ። «ጌታ ሆይ፣ በአሳይለም፣ በጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት፣ ሐኪም የሆነ ሰው ካለ አሳየን። ከሌለም ግለጥላት።»

ደሜ ፈላ። «ጌታ ሆይ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ዓመቱ እንደሆነ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጣም ይሄዳል። ከወደቀችም ሞክራ ትውደቅ። እህት አስካለችንም ባርካት።» የመጨረሻዋን ለምን እንደጨመርኳት እሱ ያውቃል።

ልንዘጋ ስንል አንድ የማናውቀው ድምፅ መጸለይ ጀመረ። ማርቆስ ነው።

«ጌታ ሆይ፣ ብቻዬን ስጸልይ እህቴ እንዳትሄድብኝ ነው የምለምንህ። ዕቃ ልታመጣ ከተማ ስትወጣ እንኳ ትናፍቀኛለች።» ተቋረጠ ብለን ስልካችንን አየን። «ያንን ጸሎቴን አትስማኝ።»

በእኛ ልማድ የጸለየ ሰው ሲጨርስ አሜን የሚለው ጉባኤው ነው። የዚያን ዕለት አስካለችም ሀቢሶም እኔም አፋችን እንቢ አለን። ከዚያው ከማርቆስ ስልክ፣ በለቅሶ የታፈነ የሴት ድምፅ ብቻ «አሜን» አለ።

ትምህርቱ የተከፈተ ሰሞን እሑድ ተደዋወልን። ማርቆስ ከኦሬንጅ ፋርም፣ ፊቤ ከቤሪያ፣ በሁለት ስልክ ገቡ።