ለየብቻቸው ንጹሕ የነበሩ ፋይሎች

አሶሳ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ወንበር ብቻ ነበር፤ ኮምፒውተሩ የደረሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ክልሉ ገና በመደራጀት ላይ ነበር። እኔ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ ጀማሪ ፕሮግራመር ነበርኩ፤ ሥራዬም ለአንድ የመድኃኒት መጋዘን ፕሮግራም መጻፍ ነበር። አለቃዬ አቶ ታደለ፣ «እስኪመጣ ደንቡን አንብቢ» ብለው የኮድ አጻጻፍ ደንቡን ሰጡኝ። በቃሌ ልይዘው ምንም አልቀረኝም።

የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው የሚቀይረው ኮምፓይለር፣ ደንቡ መጠበቁን የሚመረምርባቸው ሁለት አማራጮች ነበሩት። አንዱ እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው ያያል። ሌላው የፋይሎቹን ሁሉ መረጃ አንድ ቦታ አጠራቅሞ እርስ በርስ ያመሳክራል። ይሄኛው ቀርፋፋ ነው፤ የሚያወጣው የስህተት ዝርዝርም ረጅም ነው።

ዝርዝሩን አትሜ ለአቶ ታደለ ወሰድኩ። ገልጠው ገልጠው ሰለቻቸው።

«ይሄን ሁሉ ግምገማ ላይ ማን ሊመልስ ነው?»

«አብዛኛው ጥቃቅን ነው። ጊዜ ይስጡኝ፣ አስተካክለዋለሁ።»

«ለየብቻ የሚያየው ይበቃል። ያንን አጥፊው።»

የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም ነበርና አጠፋሁት። ሪፖርታችን ላይ «ስህተት፦ የለም» ተብሎ ተጻፈ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

መጋዘኑም በአቶ ታደለ ሥር ነበር። ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ወደ ኩርሙክ የወባ ሽሮፕ እንዲላክ ታዘዘ። ፕሮግራሙ «ይላክ» አለ። የመጋዘን ጠባቂው አቶ ኢድሪስ ግን አልፈርምም አሉ። አቶ ታደለ «አዲስ አሠራር ያደናቅፋል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉባቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ከቦታቸው መነሳት ነበር።

አማርኛን ካደጉ በኋላ የተማሩት አቶ ኢድሪስ ቢሮዬ ድረስ መጡ። «እህቴ፣ አንተ ራስህ ና እይ። ካርቶኑ ጊዜው አለፈ ይላል፣ ኮምፒውተር ገና ነው ይላል። ወላሂ፣ ይሄ ልጆች የሚጠጣው ነው። እኔ እንዴት ይፈርማል?»

ሄጄ አየሁ። ጊዜው ካለፈ ሁለት ወሩ ነው።

ያጠፋሁትን ምርመራ መልሼ አስኬድኩ። ከዝርዝሩ መካከል አንድ መስመር ነገሩን ገለጠው። የመመዝገቢያው ፋይል ቀኑን በካርቶኑ ላይ እንዳለው በፈረንጆች አቆጣጠር ይልካል፤ የሪፖርቱ ፋይል የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ብሎ ይቀበላል። ለሽሮፑ ሰባት ዓመት ጨምረንለታል። ሁለቱንም ፋይሎች የጻፍኳቸው እኔው ነኝ፣ በሦስት ወር ልዩነት። ለየብቻቸው ሲታዩ እንከን የላቸውም።

ግምገማው ላይ ዝርዝሩን ይዤ ተነሳሁ።

«ስህተቱ የእኔ ነው። ምርመራውንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘሽ?» አለ ከሰብሳቢዎቹ አንዱ።

አቶ ታደለ ብዕራቸውን ያዩ ነበር። «አቶ ታደለ አዘዙኝ፣ እኔም እሺ አልኩ» አልኩ።

ሽሮፑ ቀረ፤ ሌላ ተላከ። የእኔ የሙከራ ጊዜ ተራዘመ። አቶ ኢድሪስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ያ የማስጠንቀቂያ ወረቀት እኔ እያየ ይቀደድ።»

የግል ማህደር ውስጥ የገባ ወረቀት አይቀደድም ተባሉ። የሚሽረው ሌላ ደብዳቤ ተጽፎ ከላዩ ተያያዘ። ጡረታ ሲወጡ ማህደራቸውን አይቼዋለሁ፤ ሁለቱም ደብዳቤዎች እዚያው ነበሩ።

ኮድ የምትጽፉ ሁሉ፣ ፋይሎቻችሁን በአንድ ላይ መርምሩ። ዝርዝሩ ቢረዝም የሚያፍረው የጻፈው ሰው ነው፤ ምርመራው ሲጠፋ ግን በስሙ ደብዳቤ የሚጻፍበት ሌላ ሰው ነው።