አንድ ሰዓት

በእንግሊዝ አገር፣ በትንሿ የኮርንዎል ወደብ፣ የወደቡ ሠራተኛ ሎዌና የዕለቱን ነፋስና የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ፣ ስማቸውን የማታውቀው ሽማግሌ ዛሬም ከኋላዋ ቆመዋል። የጀልባ ቦት ጫማ አድርገዋል፤ ጀልባ ግን የላቸውም። ይህንኑ ሰዓት የሚናገረውን መጽሐፋቸውን ከሰሌዳው ጋር እያስተያዩ፣ «አይገጥምም እኮ!» አሉ።

«አባባ፣ ስንቴ ልንገርዎት? መጽሐፉ የብርዱን ወራት ሰዓት ነው የሚናገረው፤ በሞቃቱ ወራት የአገሩ ሰዓት ሁሉ ወደፊት ስለሚገፋ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። ያለዚያ ውሃው ገና እየሸሸ ሳለ ይወጡና ወደቡ አፍ ላይ ማዕበል ይውጥዎታል!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ግራ ገባት። «ታዲያ በየማለዳው ለምን አይገጥምም ይሉኛል?»

መጽሐፉን ደረት ኪሳቸው ከተው ቆለፉበት።

«ሰው ሲለው ልስማ ብዬ ነው። ለወንድሜ አንዱን ሰዓት ሳልጨምር ያነበብኩለት እኔ ነበርኩ፤ ወጥቶ በቀረበት በዚያ ጠዋት እንዳንቺ የሚቆጣኝ አልነበረም።»