ያለ በሬ ማረስ

ልጄ ሰቆጣ ከተማ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ በሕይወት አልነበረችም። ባሏ ሥራው ገጠር ስለሆነ የሚመጣው በሳምንት መጨረሻ ነው። ስለዚህ የገብስ ዱቄትና ቅቤ በአህያ ጭኜ ላርሳት ከደሃና መጣሁ። የልጆች እናት የሆነች ጎረቤቷ በር ላይ ተቀበለችኝና፣ "አባባ፣ በሬ የሌለበት እርሻ ይችላሉ?" አለችኝ። አልሳቅሁም፤ እውነቷን ነበር።

ቤቱ ከልክ በላይ ንጹሕ ነው። ልጄ ለመጣ ሁሉ ከአልጋዋ ትነሣለች፤ ጠያቂ ሲወጣ ወለሉን ትወለውላለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ አብራው ታለቅሳለች፤ ያን ጊዜ የምትናገረው ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ የተወችውን የአገራችንን ቋንቋ፣ ኽምጣናን ነው። "እኔ እናት አይደለሁም" ትላለች። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ ይህ ብዙ ወላዶችን የሚይዝ ሕመም እንጂ ስንፍና እንዳልሆነ ነገረችን። ክትትሉን እንዳታቋርጥ፣ እንቅልፍ እንድታገኝ፣ ሰው እንዳይለያት አዘዘች።

ሰው ግን እየራቃት ነበር። ምክንያቱን ያችው ጎረቤት ነገረችኝ።

"ያጠብኩላትን የሕፃን ጨርቅ ደግማ ታጥበዋለች። ውሃውንም ተሸክሜ ያመጣሁት እኔው ነኝ። እጄ ካልጠራላት ልተዋት መሰለኝ።"

እኔ ያለ መምህር ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ። ሰው ሥራውን ራሱ ይሥራ ብዬ ነው ልጆቼን ያሳደግሁ፤ ዛሬም እንዲሁ እላለሁ። አራስ ግን ሌላ ናት።

በማግሥቱ ጎረቤቲቱ ጨርቁን አጥባ አሰጣችው። ዘወር ከማለቷ ልጄ ወጥታ ከገመዱ ላይ ታወርደው ጀመር። የምታጥብበትን ትልቁን የቆርቆሮ ሳፋ ደፋሁና ተቀመጥኩበት።

"አባባ፣ ይነሡ።"

"አልነሣም።"

"ቢጫው አልለቀቀም እኮ። ሰው ምን ይለኛል?"

"ልጅሽ ስለ ቢጫው ጠየቀሽ? እኔ ደቦ ስጠራ የሰው ማጭድ እንደኔ አያጭድም፤ የሚቀር ዘለላ አለ። እያየሁ አልፈዋለሁ። ከኋላቸው ሄጄ ደግሜ ባጭድ ለከርሞ ማን ይመጣልኛል?"

ጨርቁን መልሳ አሰጣችውና ገብታ ተኛች። እኔም ቆርቆሮው ጮኾ እንዳይቀሰቅሳት ወገቤ እስኪደነዝዝ ከሳፋው አልተነቃነቅሁም።

ጎረቤቲቱ የማጀት ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ አየችኝና ቆመች።

"አባባ፣ ምን ይጠብቃሉ?"

"እርሻዬን።"

ሳቋ ልጄን ቀሰቀሳት። ከውስጥ፣ "እኅቴ፣ ሌላም የቆሸሸ ጨርቅ አለ። ታጥቢልኛለሽ?" ስትል ሰማሁ።

"የማትደግሚው ከሆነ።"

በክትትሉ ገና ብዙ እንመላለሳለን፤ ልጄ ያን ቀን አልዳነችም። የመለሰችው ግን እየሳቀች ነበር።

"አባባ ሳፋውን ከሰጡሽ አልደግመውም።"

ተነሣሁ።