ያላመጣነው መርዶ

ቅዳሜ ማለዳ ነው... በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መሃል። ካሊፎርኒያ፣ ኤመሪቪል ላይ ጭጋጉ ገና ከመንገዱ አልተነሳም። አራት ሆነን፣ ሁላችንም ጥቁር ካፖርት ለብሰን፣ የጋሽ በላቸውን የብረት በር እናንኳኳለን።

ጋሽ በላቸው ቀራፂ ነው። በሱዳን አድርጎ መጥቶ፣ ኦክላንድ ሬስቶራንት ውስጥ ሰሃን ሲያጥብ ኖሮ፣ ኋላ አሮጌ መጋዘን ውስጥ አንድ ጥግ ተከራይቶ እዚያው እየሠራ እዚያው የሚያድር ሰው። ሳን ሆዜ አንድ መናፈሻ በር ላይ የሠራት ቁጭ ያለች የነሐስ ሴት አለች... ልጆች ጭኗ ላይ እየወጡ ጉልበቷን ወርቅ አስመስለውታል። በዚያ ስናልፍ አብሮን ላለው ፈረንጅ ሁሉ «የኛ ሰው ነው የሠራት» እንላለን።

ያን ሰሞን የያዘው ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ ነበር። ሻንጣውን አጠገቡ አስቀምጦ የቆመ ሰው... ከየአገሩ ለመጣው ሁሉ መታሰቢያ እንዲሆን ኦክላንድ ላይ ሊቆም ነው። ሰኞ የከተማው ሰዎች የጭቃ ሞዴሉን ሊያዩ ይመጣሉ። ሥራው የሚጸድቅለት እነሱ ከወደዱት ብቻ ነው።

«እስኪ ከቤተክርስቲያናችሁ ሥራዬን አይተው ሳያፍሩ የሚነግሩኝ ሰዎች አምጪልኝ» አለኝ። «በፈለጋችሁ ሰዓት ኑ፣ የትም አልሄድም።»

ሰዎቹን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ሰዓቱንም የመረጥኩት እኔው ነኝ። ፓስተራችን፣ ታክሲ የሚነዳው ይርጋ፣ አላሜዳ አረጋውያን ቤት የሌሊት ሺፍት የምትሠራው እትዬ ስንዱ... ሁላችንም የምንገጣጠመው ቅዳሜ በማለዳ ብቻ ነበር።

በሩን ከፈተ። እጁ ጭቃ በጭቃ ነው። ተመለከተን... አንድ በአንድ። ፈገግታው ሲጠፋ አይቻለሁ። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

እትዬ ስንዱ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ስላደረች ዓይኗ ደም መስሏል። አቅፋ ሳመችው፣ ቶሎም አልለቀቀችው። ልማዷ ነው። ይርጋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የነበረውን ቢላ «ሰው እንዳይቆርጥ» ብሎ ወደ ጥግ ወሰደው። ፓስተሩ ደግሞ ሥራውን ከማየታችን በፊት ሊጸልይ ፈልጎ በዚያ ከባድ ድምፁ...

«በላቸው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል» አለው።

በማለዳ፣ ተሰብስቦ፣ ጥቁር ለብሶ መጥቶ «ቁጭ በል» የሚል አበሻ ምን ይዞ እንደሚመጣ እናንተ ታውቃላችሁ። እኛ ግን ያን ቀን ረሳነው።

«እማዬ ናት?» አለ።

ነገሩ ለማናችንም አልገባንም። ዝም አልን። ጉድ ያደረገን ያ ዝምታ ነው።

«እማዬ!» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ጠረጴዛው ተገለበጠ። ባለ ሻንጣው ሰውዬ ወለሉ ላይ በግንባሩ ወደቀ... ስንት የተለፋበት ፊት እንደ ሊጥ ተለጠጠ።

«ኧረ አልሞቱም!» ብዬ ጮህኩ።

«አሟት ነው በይኛ! ሆስፒታል ገብታለች በይኛ! እኔ ራሴ ለስንቱ ሰው እንዲህ ብያለሁ!»

«ልጄ ትሙት፣ ማንም አልሞተም!» አለ ይርጋ። ፓስተሩ በመሃላው ተቆጥቶ አፈጠጠበት። ይርጋ ደንግጦ ዝም ሲል ነገሩ ጭራሽ ባሰ።

ጋሽ በላቸው ደረቱን እየደቃ «የስንቱን መልክ በነሐስ አቆምኩ... ያንቺን መልክ እኮ ረስቼዋለሁ እማዬ!» ይላል። ይህን እኛ ልንሰማው የሚገባ ነገር አልነበረም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

በመጨረሻ «ኮል እናድርግ! በጆሮህ ስማቸው!» አልኩ። አገር ቤት ያሉት እናቱ ስልክ የላቸውም፣ የጎረቤት ቁጥር ነው። እጁ ጭቃ በጭቃ ስለሆነ እሱ እየነገረኝ እኔ ደወልኩ። ጎረቤትየዋ ልትጠራቸው ሄደች። ጠበቅን... ጠበቅን። ከዚያ የአሮጊት ድምፅ መጣ፣ እኛ ድረስ የሚሰማ።

«አቤት?»

«እ... እማዬ?»

«በላቸው? ማን ሞተ?»

«ማንም...»

«አትደብቀኝ! ስንት ዘመን ጠፍተህ ዛሬ እያለቀስክ የምትደውለው በደህና ነው? አጠገብህ ያለውን ሰው ስጠኝ!»

የስልኩን እጀታ እኔ እጅ ላይ ጣለው።

«እማማ፣ በእውነት ማንም አልሞተም። እኔ የቤተክርስቲያን እህቱ ነኝ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«ኧረ አይደለሁም፣ ሌሎችም አሉ። ፓስተራችንም አሉ...»

«ቄሱም መጥተዋል?!» ብለው ኡኡታቸውን ለቀቁት። ጎረቤቱም ተከትሎ ኡኡ አለ። እዚያም ማዶ ለቅሶ አስነሳሁ!

ጋሽ በላቸው ስልኩን ነጥቆኝ «እማዬ፣ ተይ! እኔ ደህና ነኝ! አንቺ የሞትሽ መስሎኝ ነው የደወልኩት!» ብሎ ጮኸ።

እማማ ኡኡታቸውን አቆሙ። ከዚያ በቀስታ...

«ኖሬስ መቼ ጠየቅኸኝ ልጄ?» አሉት።

ክፍሉ ውስጥ ማንም ማንንም ማየት አልቻለም። እትዬ ስንዱ ነጠላዋን ከካፖርቷ ውስጥ ስባ አውጥታ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ተንበርክኬ ወለሉ ላይ የተለጠጠውን ጭቃ በጥፍሬ እፍቃለሁ። ያኔ እኔም እናቴ ዘንድ ከደወልኩ ቆይቼ ነበር... እንዴት ቀና እላለሁ?

ጋሽ በላቸው ብዙ አወራቸው፣ አልሰማነውም፣ ውጭ ወጣን። ከዚያ ሁለቱን ቀን እንቅልፍ ሳያይ የባለ ሻንጣውን ሰውዬ ፊት እንደገና ሠራው። ሰኞ የመጡት ሰዎች ወደዱት። ሐውልቱ ቆመ።

ያን ጠዋት ግን፣ ልንሄድ ስንሰናበት፣ ይርጋ በር ላይ ቆም ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ... ስልኩን አንዴ ትሰጠኛለህ?»

እኔም ከዚያ ወዲህ እናቴ ዘንድ ስደውል፣ ገና «ሄሎ» ሳልል «ማንም አልሞተም» እላለሁ።