የጉልበቴ ክኒን

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉኝ። ሰሙነ ሕማማት ነበር፤ የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ከተማችን ጭሮ በሙቀት ታፍናለች።

ጉልበቴን ሲያመኝ ዓመታት ሆኖኛል። ጎረቤቴ ዘይነባ ለቀዶ ጥገናዋ የታዘዘላትን ክኒን አካፈለችኝና ሕመሙ ጸጥ አለ። ሲያልቅ ከገለምሶ ገበያ አስመጣለሁ። በቀን በአንድ ጀምሬ አራት ደረስኩ።

ሰኞ ዕለት «በሕማማት ክኒንም ይጾማል» ብዬ ተውኩት። ረቡዕ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ላብ አጠመቀኝ፣ እግሬ ተንቀጠቀጠ፣ ማዛጋቴም አላባራ አለ። ሴቶቹ «ሰይጣን ነው፣ ጸበል ትወሰድ» አሉ።

ልጄ ታደሰ፣ በጫቱ ሁልጊዜ የምሰድበው፣ ሊወስደኝ መጥቶ ዓይኔን አየና «እማዬ፣ ይሄ እኮ የክኒኑ ሀራራ ነው» አለኝ።

«እኔን ነው የምትለው፣ አንተ ሱሰኛ?»

«ስለማውቀው ነዋ» አለ ቀስ ብሎ።

ክኒኑን ይዞ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ከጎጃም የተመደበችው ሲስተር ክኒኑን አገላብጣ አየችና «እማማ፣ ልጅዎ ልክ ነው፤ ሱስ ይዞዎታል» አለች። እኔ የመድኃኒት ሱስ የሚባል መኖሩን መቼ ሰምቼ።

አሁን ሲስተር በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰችልኝ ነው፤ ጉልበቴ ግን ያው ያመኛል። ዘይነባም ስትመረመር እንደኔው ሆና ተገኘች። ታደሰ ጫቱን አልተወም፤ እኔም እሱን መሳደቤን ተውኩ።